የፑንጃብን ታሪክ በትረካዎቹ በኩል እንዴት ማንበብ ይቻላል

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የፑንጃብን ሥነ ጽሑፍ በትርጉም ለሚያነብ፣ ነገር ግን የፍቅር ትረካውንና የጦርነት ግጥሙን ከማጣጣም አልፎ የአገሩን ታሪክ ከውስጡ ማውጣት ለሚሻ አንባቢ ነው። ፑንጃብ ጄለም፣ ቼናብ፣ ራቪ፣ ቢያስና ሳትሌጅ የሚባሉ አምስት ወንዞች የሚያጠጡት ሜዳማ አገር ሲሆን፣ ከኦገስት 1947 ወዲህ ምዕራቡ ለፓኪስታን፣ ምሥራቁ ለሕንድ ደርሷል። ሙስሊሞች፣ ሲኮችና ሂንዱዎች በአንድ ቋንቋ ሲተርኩ የኖሩበት አገር በመሆኑ ብዙዎቹ ትረካዎች የአንድ ሃይማኖት ንብረት አይደሉም። የፑንጃብ ባለቅኔ አዲስ ተረት ፈጠርሁ ብሎ አይኮራም፤ አድማጩ መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቀውን ተረት አንስቶ በራሱ ዘመን አንደበት እንደገና ይናገረዋል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ምክር አንድ ነው፦ አንዱን ትረካ ቢያንስ በሁለት ተራኪዎች ያንብቡ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በተለየበት ቦታ ላይ ቆም ይበሉ፤ ከዚያም ያ ተራኪ በኖረበት ዘመን ምን ይሆን እንደ ነበር ይጠይቁ።

ከማንበብ በፊት

ጥቂት ዓመታትን በወረቀት ጽፈው አጠገብዎ ያኑሩ። ባቡር በፓኒፓት ድል አድርጎ የሙጋል መንግሥትን የመሠረተው በ1526 ነው፤ የፋርሱ ናዲር ሻህ ፑንጃብን አቋርጦ ዴልሂን የዘረፈው በ1739 ነው፤ አፍጋናዊው አህመድ ሻህ አብዳሊ ከ1748 ጀምሮ በተደጋጋሚ ዘምቷል፤ ራንጂት ሲንግ ላሆርን በ1799 ይዞ እስከ ሞተበት እስከ 1839 ገዝቷል፤ እንግሊዞች አገሩን በ1849 ጠቅልለውታል፤ በ1947 ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው፤ ባለቅኔዎቹ ራሳቸው ግን የሂጅራን ወይም ቢክራሚ የተባለውን የአገራቸውን ዘመን ይጠቀማሉ። ቢክራሚ ከጎርጎርዮስ በ57 ዓመት ገደማ ይቀድማልና ከቁጥሩ ላይ 57 መቀነስ ይበቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰባትና ስምንት ሲደምርና ሲቀንስ ለኖረ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሥራ አይከብደውም።

ቀጥሎ በእጅዎ የያዙት ጽሑፍ ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ ይለዩ። ቂሳ የሚባለው ረጅም የፍቅር ትረካ በግጥም ነው፤ ቫርና ጃንግናማ ብዙውን ጊዜ የጦርነት ግጥሞች ናቸው፤ ሳኪ የሃይማኖት መምህራንን ሕይወት የሚተርክ አጭር ዝርው ነው። ቫር በዋነኛነት የሚዜም እንጂ በጸጥታ የሚነበብ አልነበረም፤ ዳዲ የሚባሉት ዘማሪዎች በትንሽ ከበሮና ሳራንጊ በተባለ በቀስት በሚገረፍ መሣሪያ ታጅበው በአደባባይ ያቀርቡት ነበር፤ አዝማሪ በማሲንቆ ጀግናን ሲያወድስ የሰማ ሰው ሥራቸው ምን እንደሚመስል ይገባዋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በንባብ ጊዜ አሰልቺ የሚመስሉት ድግግሞሾች ለጆሮ የተሠሩ መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው። ስለዚህ ድግግሞሹን አይዝለሉት፤ ዘማሪው ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር አድማጩ ሊሰማው የፈለገው ነገር ነው።

ሂርና ራንጃ፦ አንድ ተረት በሁለት ዘመን

ለመጀመሪያ ልምምድ ከሂርና ራንጃ የተሻለ ትረካ የለም። ተረቱ በአጭሩ ይህ ነው። ራንጃ በታክት ሃዛራ የሚኖር የባለ ርስት ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ተጣልቶ ከቤት ይወጣል፤ የቼናብን ወንዝ ተሻግሮ ጃንግ ይደርስና የሲያል ጎሣ አለቃ የቹቻክን ልጅ ሂርን ይወድዳል፤ ከእርሷ እንዳይለይ ብሎ የአባቷ ጎሾች እረኛ ሆኖ ለዓመታት ያገለግላል። አጎቷ ካይዶ ምስጢራቸውን ያወጣባቸዋል፤ ሂር ሳትወድ ራንግፑር ለሚኖረው የኬራ ቤተሰብ ልጅ ትዳራለች። ራንጃ ጆሮውን ተበስቶ፣ አመድ ተቀብቶ መናኝ ይሆንና ወደ ባሏ አገር ይሄዳል፤ አብረውም ይጠፋሉ።

አሁን ሁለቱን ተራኪዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ዳሞዳር ጉላቲ በጃንግ የኖረ ሂንዱ ሲሆን፣ ትረካውን በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በአክባር ዘመን ላይ ያኖረዋል፤ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ እያለም ደጋግሞ ይናገራል። ዋሪስ ሻህ ሙስሊም ሲሆን፣ ሥራውን ማልካ ሃንስ በተባለች ከተማ በ1180 ሂጅራ፣ በ1823 ቢክራሚ፣ ማለትም በ1766 ፈጽሟል። ዳሞዳር ላይ ሁለቱ ፍቅረኞች በሕይወት ተርፈው አብረው ይሄዳሉ። ዋሪስ ሻህ ላይ ግን የሂር ዘመዶች በወግ ልንድርሽ ነው ብለው አታልለው ወደ ቤቷ ይመልሷታል፤ ራንጃ የሙሽራ አጃቢዎቹን ሊያመጣ ሲሄድ መርዝ ያበሏታል፤ እርሱም የሞቷን ወሬ ሰምቶ ይሞታል።

አንባቢ ሊቆም የሚገባው እዚህ ነው። ዋሪስ ሻህ ከመጨረሻው አስቀድሞ ፍቅረኞቹን በአንድ ንጉሥ ፊት አቁሟቸዋል፤ ፍርዱ መጀመሪያ ለባልየው ወገን ይሰጣል፤ ከተማው በእሳት ሲያያዝ ግን ንጉሡ ደንግጦ ሂርን ለራንጃ ይመልሳታል። እንግዲህ ንጉሥ ፈርዶላቸው ዘመድ ገደላቸው ማለት ነው። ዋሪስ ሻህ የጻፈበትን ጊዜ ከወረቀትዎ ላይ ይመልከቱ፤ የሙጋል ሥልጣን በፑንጃብ ፈርሷል፤ አብዳሊ በየጊዜው እየመጣ ይዘርፋል፤ ሚስል የሚባሉት የሲክ የጦር ቡድኖች በ1765 ላሆርን ይዘዋል። በዚያ ዘመን በገበሬው አፍ የነበረው ምሳሌ የበሉትና የጠጡት የራስ ነው፣ የተረፈው የአህመድ ሻህ ነው የሚል ነበር። የንጉሥ ፍርድ ከአደባባይ ወጥቶ የሰው ቤት ድረስ የማይዘልቅበት አገር ውስጥ የኖረ ባለቅኔ፣ ፍቅረኞቹን ንጉሥ ነጻ ካወጣቸው በኋላ በዘመድ እጅ ቢገድላቸው አያስደንቅም። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ዋሪስ ሻህ መጨረሻውን ለምን እንደዚያ እንዳደረገ አልነገረንም፤ ከዳሞዳር ጋር የማያነጻጽር አንባቢ ግን ጥያቄውንም አያነሳውም።

ሁለተኛው የንባብ ዘዴ ዝርዝሮችን አለመዝለል ነው። ዋሪስ ሻህ ዝርዝር ይወድዳል፤ ብዙ ተርጓሚዎች ደግሞ አንባቢ ይሰለቻል ብለው ይቆርጡታል። ራንጃ ከቤት ወጥቶ በሚያድርበት መስጊድ ልጆች የሚማሩባቸው መጻሕፍት አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ከዚያ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፑንጃብ ልጅ በፋርስኛ ምን ያነብ እንደ ነበር እንረዳለን። በሠርጉ ላይ የጣፋጩ ዓይነት፣ የጌጡ ስም፣ የጥሎሹ ልብስ ይዘረዘራል። የርስት ክፍፍሉም እንዲሁ ነው፤ ወንድሞቹ ለቃዲውና ለሽማግሌዎቹ ጉቦ ሰጥተው ጠፍ መሬቱን ለራንጃ ያደርሱታል፤ ሉዳን የተባለው ጀልበኛ ደግሞ ክፍያ ካላገኘሁ አላሻግርም ብሎ ይከራከራል። አንድ የታሪክ ተማሪ ስለ መንደር ፍርድ፣ ስለ መሬትና ስለ ወንዝ ማቋረጫ ሊጠይቅ የሚችለው ነገር ከፍቅሩ ይልቅ በእነዚህ ትንንሽ ቦታዎች ይገኛል። በተለይ ሂር በኒካህዋ ጊዜ ከቃዲው ጋር የምታደርገውን ክርክር ቀስ ብለው ያንብቡት፤ ያለ ፈቃዴ የታሰረ ጋብቻ ጋብቻ አይደለም ብላ ቃዲውን በራሱ ሕግ ትሞግተዋለች። ባለቅኔው በሙላዎችና በቃዲዎች ላይ ያለውን ቁጣ በእርሷ አፍ ይናገረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዋሪስ ሻህ ሥራ እጅግ ተወዳጅ ስለ ነበር፣ የኅትመት ቤቶች ትልቁ የበለጠ ይሸጣል ብለው በሌሎች ገጣሚዎች የተጻፉ እጅግ ብዙ ስንኞችን ጨምረውበታል፤ አንዳንዱ እትም በሽፋኑ ላይ እውነተኛውና ትልቁ እያለ ይኩራራ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ስንኝ ተነሥተው ስለ 1766 ድምዳሜ ከመስጠትዎ በፊት፣ ትርጉሙ በየትኛው እትም ላይ እንደ ተመሠረተ መቅድሙን ይመልከቱ፤ በጥንቃቄ የተሰናዳው እትም ብዙውን ጊዜ ቀጭኑ ነው። የዳሞዳርን በዓይኔ አየሁ ባይነትም እንደ ምስክርነት ቃል አይውሰዱት፤ አድማጭን የማሳመኛ ወግ ነው።

ተረቱ ግን ከዳሞዳር ውጭም ይታወቅ እንደ ነበር በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። በ1599 ያረፈው የላሆሩ ሱፊ፣ ማለትም የእስልምና መናኝ፣ ሻህ ሁሴን በሂር አንደበት ስለ ራንጃ ያዜማል፤ በ1636 ያረፈው የሲኮች ሊቅ ባይ ጉርዳስም ሁለቱን በአንዱ ቫሩ ውስጥ ይጠቅሳቸዋል። በሂንዱው፣ በሙስሊሙና በሲኩ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዘመን አካባቢ የሚገኝ ተረት የሁሉም እንደ ነበር መጠራጠር አይቻልም። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የካሱሩ ቡሌ ሻህ የሂርን ናፍቆት የነፍስ ናፍቆት፣ ራንጃን ደግሞ የአምላክ ምሳሌ አድርጎ ይዘምረዋል። የሱፊ ግጥም ሲያነቡ ሁለቱንም ትርጉም ይያዙ፤ አንዱን ለመምረጥ አይቸኩሉ።

ተሸናፊው የጻፈው ጦርነት

የጦርነት ግጥምን ለማንበብ የሚረዳው ጥንድ ከሌላ ግጥም ይልቅ የድል አድራጊው ሪፖርት ነው። ከአምሪትሳር አካባቢ የተነሣው ሻህ ሙሐመድ በ1845 እና በ1846 በራንጂት ሲንግ ተተኪዎች ሠራዊትና በእንግሊዞች መካከል የተደረገውን ጦርነት በጃንግናማ ጽፎታል። ገጣሚው ሙስሊም ነው፤ የሚያለቅስለት መንግሥት ደግሞ ሲክ የመሠረተው ነው። እንግሊዞች ጦርነቱን የሲኮች ጦርነት ብለው መዘገቡት፤ እርሱ ግን የሂንድና የፑንጃብ ጦርነት ይለዋል። በእርሱ ዓይን የተጋጩት ሁለት አገሮች ናቸው፤ ሂንዱውና ሙስሊሙ አብረው በደስታ ይኖሩ በነበረበት ቤት ሦስተኛ ባዕድ ገባ ብሎ ያዝናል። ስያሜው ብቻ አንድ ሙሉ የታሪክ ክርክር ይዟል፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ የእንግሊዞቹን ስም ተቀብሎ ሲቀጥል የገጣሚው ስያሜ ተረስቷል።

ከዚያ በኋላ ገጣሚው ተጠያቂ የሚያደርገውን ሰው ይፈልጉ። ሻህ ሙሐመድ ወታደሩን በጀግንነቱ ያመሰግነዋል፤ ራንጂት ሲንግ ቢኖር ኖሮ ይህ ጦር ባልተሸነፈ ነበር ይላል፤ ጥፋቱን ግን የራንጂት ሲንግ ሚስት በነበረችው በንግሥት ጂንዳን ላይ ያሳርፋል፤ ወንድሟን የገደለባትን ሠራዊት ለመበቀል ወደ ሞት ላከችው ባይ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በበኩላቸው የጦር አዛዦቹ ላል ሲንግና ቴጅ ሲንግ ከእንግሊዞች ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አጥብቀው ይጠራጠራሉ። የሴትን በቀል የሽንፈት ምክንያት ማድረግ የሕዝብ ትረካ በየአገሩ የሚወድደው መንገድ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ግጥሙን በጥርጣሬ ቢያነቡት ይሻላል። ስለ ሙድኪ፣ ስለ ፌሮዝሻህና ስለ ሶብራዎን ውጊያዎች ግን የወታደሩ ወገን ምን ተሰማው የሚለውን ከእርሱ የተሻለ የሚነግርዎ የለም።

ሳኪውና መዝሙሩ

የሲክ ሃይማኖት መሥራች ጉሩ ናናክ ከ1469 እስከ 1539 ኖረ። ስለ ሕይወቱ የሚተርኩት ጃናምሳኪ የተባሉ ስብስቦች ካረፈ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የተጻፉ ናቸውና የሚናገሩት ስለ ጻፏቸው ምእመናን ጭምር ነው። ለምሳሌ ሳይድፑር በተባለች ከተማ ስለ ሆነው የሚተረከውን ይውሰዱ። ናናክ በድሃው አናጢ በላሎ ቤት ማደሩ ያስቆጣው ባለሥልጣን ማሊክ ባጎ ለምን ግብዣዬን ናቅህ ሲለው፣ ናናክ የሁለቱን ሰዎች እንጀራ በሁለት እጁ ይጨምቃል፤ ከላሎው ወተት፣ ከባጎው ደም ይወጣል። ይህ ሳኪ ነው፤ ምእመናኑ ስለ ሥራና ስለ ግፍ ምን ያምኑ እንደ ነበር ያሳያል።

ስለዚያችው ከተማ ግን የናናክ የራሱ ቃል አለ። የባቡርን ወረራ የሚያነሡ አራት መዝሙሮቹ በ1604 ከተተኪዎቹ አንዱ በሆነው በጉሩ አርጃን በተሰናዳው የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንደኛው ላሎን በስሙ እየጠራ የሚናገር ነው። የተላጨውን የሴቶች ሹሩባ፣ የተዋረዱትን መሳፍንት ይገልጻል፤ ይህን ያህል እልቂት ሲሆን አልተሰማህምን ብሎ ፈጣሪን ይጠይቃል። በዘመኑ የነበረ ሰው በፑንጃብ አንደበት ስለ ባቡር ወረራ የተናገረው ይህ በመሆኑ፣ ባቡር ራሱ ከጻፈው ማስታወሻ ጋር ማስተያየት ትልቅ ትምህርት ነው። ሳኪውን ስለ ማኅበረሰቡ እምነት፣ መዝሙሩን ስለ ወረራው የሚጠይቅ አንባቢ ሁለቱንም ሳይንቅ ይጠቀምባቸዋል።

1947 እና ከእርሱ ወዲህ

ፑንጃብን በሕንድና በፓኪስታን መካከል የከፈለው የድንበር መሥመር ይፋ የተደረገው ኦገስት 17 ቀን 1947፣ ከእንግሊዝ ነጻነት ከታወጀ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። በመካከላቸው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ያላቸው ላሆርና አምሪትሳር በሁለት አገር ወደቁ። በመላው ክፍለ አህጉር ከ12 እስከ 15 ሚሊዮን ሰው እንደ ተፈናቀለ ይገመታል፤ የሟቾቹ ግምት ከመቶ ሺዎች እስከ አንድ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ የከፋው ፑንጃብ ውስጥ ነበር።

ባለቅኔዋ አምሪታ ፕሪታም ከላሆር ተሰዳ ወደ ሕንድ ከገባች በኋላ የጻፈችው ግጥም ዋሪስ ሻህን ከመቃብሩ ተነሥ ብላ የምትጣራ ናት። የፑንጃብ አንዲት ልጅ ብታለቅስ ያን ሁሉ ጻፍህ፣ ዛሬ እልፍ ልጆቿ ያለቅሳሉ ትለዋለች፤ ሂርን የገደለው መርዝ በወንዞቹ ውስጥ ሲፈስ ታሳየናለች። ይህን ግጥም የሂርን ትረካ ሳያነቡ ቢያነቡት ጥሩ ሙሾ ነው፤ ካነበቡ በኋላ ግን ክስ ይሆናል። በ1947 የተገደሉትና የተጠለፉት ሴቶች ጉዳይ ዋሪስ ሻህ በ1766 ከጻፈው ከዘመድ ክብርና ከሴት ልጅ ፈቃድ ጉዳይ ጋር የተያያዘ መሆኑን የምትናገር፣ እኔ እስከማውቀው ከማንም በፊት እርሷ ናት።

በ1950 የታተመውን ፒንጃር የተባለውን ልቦለዷን ደግሞ ከሕግ ጋር ያንብቡት። ፑሮ የተባለች ሂንዱ ልጅ በቆየ የቤተሰብ ቂም ምክንያት ራሺድ በሚባል ሙስሊም ትጠለፋለች፤ አምልጣ ወደ ቤቷ ብትመለስ ወላጆቿ አይቀበሏትም፤ ሃሚዳ የሚል ስም ተሰጥቷት ትኖራለች። ከክፍፍሉ በኋላ ሁለቱ መንግሥታት የተጠለፉ ሴቶችን ለመመለስ ተስማሙ፤ ሕንድም በ1949 ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ሴትየዋ ራሷ ምን ትፈልጋለሽ ተብላ እንድትጠየቅ አላስገደደም። ልቦለዱ በዚህ ጊዜ ለፑሮ የመመለስ ዕድል ይሰጣታል፤ እርሷ ግን ትቀራለች። ውሳኔዋን ትክክል ወይም ስሕተት ብሎ ከመፍረድ ይልቅ፣ የመንግሥት ሰነድ ያልጠየቀውን ጥያቄ ልቦለዱ እንደ ጠየቀ ልብ ማለት ይጠቅማል።

ስለ ክፍፍሉ የሚጽፉ ፑንጃቦች ሁሉ በፑንጃብ ቋንቋ አይጽፉም። ሳምራላ የተወለደው ሳዳት ሃሳን ማንቶ የአእምሮ ሕሙማን ልውውጥን የሚተርከውን ታዋቂ አጭር ልቦለዱን በኡርዱ ጽፎታል፤ ኩሽዋንት ሲንግ በእንግሊዝኛ፣ ቢሻም ሳህኒ በሂንዲ ጽፈዋል። የዚህ ምክንያት የትምህርትና የመንግሥት ቋንቋ ከእናት ቋንቋ መለየቱ ነው። ፑንጃብኛን በፓኪስታን ከ80 ሚሊዮን በላይ፣ በሕንድ ደግሞ በ2011 ቆጠራ 33 ሚሊዮን ገደማ ሰው የአፍ መፍቻው አድርጎታል፤ ጽሕፈቱ ግን ሁለት ነው፤ በሕንድ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፈው ጉርሙኪ፣ በፓኪስታን ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈው ሻህሙኪ። ተናግሮ የሚግባባ ሰው አንብቦ የማይግባባበት ሁኔታ ስላለ፣ በአንዱ ወገን የታወቀ ጸሐፊ በሌላው ላይታወቅ ይችላል፤ የመረጡት የግጥም ስብስብ ከሁለቱም ወገን መሆኑን ያረጋግጡ።

የሴቶች ዘፈኖችንም አይርሱ። እንግሊዞች ከፑንጃብ እጅግ ብዙ ወታደር ይመለምሉ ነበር፤ የፑንጃብ ሬጅመንቶች በ1941 ከረን ላይ ጣልያኖችን ለመውጋት ኤርትራ ድረስ መጥተዋል። የዘማቹን ድርጊት የሬጅመንት ታሪክ ይነግራል፤ ባሏን ወይም ወንድሟን የሸኘችው ሴት ያለችው ግን በመንደር ዘፈን ብቻ ነው የሚገኘው። የእነዚህ ዘፈኖች ገጣሚና ዓመት አይታወቅም፤ ስለዚህ ለአንድ የተወሰነ ጦርነት ማስረጃ ከማድረግ ተቆጥበው፣ ጦርነት በቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ብቻ ይጠቀሙባቸው።

ሁለተኛ ልምምድ ለሚፈልግ አንባቢ የፑራንን ተረት እመክራለሁ። የሲያልኮት ንጉሥ ሳልዋን በእርጅናው ሎና የተባለች ወጣት ያገባል፤ ሎና የእንጀራ ልጇን ፑራንን ትመኘዋለች፤ እምቢ ሲላት ትከስሰዋለች፤ ንጉሡም እጅና እግሩን አስቆርጦ ጉድጓድ ያስጥለዋል፤ በመጨረሻ ጎራክናት የተባለው መናኝ ያድነዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመኑ ቃዲር ያር ትረካውን በፑራን ቅድስና ላይ ያቆመዋል፤ ሺቭ ኩማር ባታልቪ በ1965 ባሳተመው የግጥም ድራማ ግን መድረኩን ለሎና ይሰጣል፤ አባቷ በሚያክል ሽማግሌ የተዳረች ልጅ ጥፋቱ የማን ነው ብላ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ቃዲር ያርን ያንብቡ፤ ሎና ዝም የምትልባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ያስምሩ፤ ከዚያ ሺቭ ኩማርን ከፍተው በእነዚያ ቦታዎች ላይ ምን እንዳናገራት ይመልከቱ።